ቀለበት የሌለው ዋግ

እናቴ ከሥራ ስትመለስ አታቅፈኝም ነበር። የሌሎች ልጆች እናቶች በር ላይ ሲደርሱ ልጆቻቸው ይጠመጠሙባቸዋል፤ የኔዋ ግን ገና ከሩቅ እጇን ዘርግታ «እዚያው ቁሚ!» ትለኛለች። በጓሮ ዞራ ትገባለች፣ የለበሰችውን አውልቃ ባልዲ ውስጥ ትዘፈዝፋለች፣ ፀጉሯን ሳይቀር በሳሙና ትታጠባለች፣ ጥፍሯን በብሩሽ ትፈትጋለች። ይህ ሁሉ ሲያልቅ «ነይ እንግዲህ» ትላለች። ያኔ ደግሞ እኔ አልሄድም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ኩርፊያዬ ግን የሰባ ዓመት አሮጊት ኩርፊያ ነበር።

እናቴ የስንዴ ምርምር ጣቢያ ውስጥ የመስክ ረዳት ነበረች። ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሥራዋ ዋግ መቁጠር ነው። ዋግ ስንዴን የሚበላ በሽታ ነው፤ አገዳውና ቅጠሉ ላይ እንደ ዛገ ብረት ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ ሲነኩት ዱቄቱ እጅ ላይ ይቀራል፣ ነፋስ ካገኘ አገር ያቋርጣል። እናቴ በየመደቡ እየጎነበሰች አገዳውን በሁለት ጣቷ ገልበጥ አድርጋ ታያለች፤ ከመቶ ስንቱ እንደተበላ በዓይኗ ገምታ ትጽፋለች። ዜሮ፣ አምስት፣ አርባ፣ መቶ። ከቁጥሩ ጎን ደግሞ «ቀለበት አለው» ወይም «ቀለበት የለውም» ብላ ትጨምራለች። የሚታገል ስንዴ ዋጉ ባረፈበት ቦታ ዙሪያውን የራሱን ሥጋ አድርቆ በሽታውን ያስርበዋል፤ ያ የደረቀው ነው ቀለበቱ። ቀለበት ከሌለ ስንዴው እጁን ሰጥቷል ማለት ነው።

ጣቢያው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ቆጣሪዋ» ነው የሚሏት። የምትጽፈው በእርሳስ ብቻ ነው፤ እስክሪብቶ ጤዛ ሲነካው ይፈሳል። «በእርሳስ ከሆነማ ሰው ያጠፋዋል» ብላት «ሌላ ሰው ያጥፋው እንጂ እኔ አላጠፋም» አለችኝ። ማታ ማታ ደግሞ ቤት ቁጭ ብላ የቀኑን ቁጥር በራሷ ደብተር ላይ ትገለብጣለች። ማንም አላዘዛትም። አመል ነው።

ለልጅ አእምሮ የማይገባው አንድ ነገር ነበር። ጣቢያው ዋግን አያጠፋም፤ ያባዛዋል። በጠርሙስ ያስቀመጡትን ቀይ ዱቄት በውሃ በጥብጠው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ጤነኛ ስንዴ ላይ ይረጩታል። የትኛው ዝርያ እንደሚወድቅ፣ የትኛው እንደሚቋቋም የሚታወቀው እንደዚያ ነው። የምትረጨው ደግሞ እናቴ ናት። በሽቦ አጥሩ በኩል አይቻታለሁ፤ መርጫውን ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ጋዋኗ ቀልቶ፣ በሽታ ስታጠጣ። ጋሼ የምንለው አጎቴ ማሳው ውስጥ አንዲት ቀይ ነጥብ ቢያይ እህል የማይቀምስበትን ነገር እናቴ በመርጫ ታድለዋለች! እኔም በልቤ «የምትሠራው መጥፎ ሥራ ነው፤ ለዚህ ነው የምትፈተገው» ብዬ ደመደምኩ።

አንዴ ጠይቄያታለሁ።

«እማ፣ ያ ዱቄት ወጥቶ የጋሼን ስንዴ ቢበላውስ?»

«አይበላውም» አለች እግሯን እየታጠበች። «ስንዴ በር አለው በይ። ዋግ ደግሞ ቁልፍ ይዞ ይመጣል። ቁልፉ ካልገጠመለት ደጅ ቆሞ ይሞታል። ጋሼ የዘራው ስንዴ አርባ ሁለት ነው፤ የጠርሙሱ ዋግ የአርባ ሁለትን በር አይከፍትም። አራት ዓመት ረጨሁበት፤ አራት ዓመት ዜሮ ጻፍኩ።»

«ሌላ ቁልፍ ያለው ቢመጣስ?»

እግሯን መታጠቧን ተወች። «እሱን ነው የምፈራው። አርባ ሁለት ያለው አንድ በር ብቻ ነው። እሱ ከተከፈተ ጓዳ እንኳ የለውም።»

እኔ ግን የሰማሁት በሩን ብቻ ነው። በማግስቱ አንድ አገዳ ቀጥፌ በሩን ስፈልግ ዋልኩ።

አርባ ሁለት የዶክተሩ ዝርያ ነበር። ዶክተሩ የጣቢያው ኃላፊ ነው፤ ዋግ የማይነካው ስንዴ አገኘ ተብሎ ስሙ በየቦታው ይጠራል፣ ዘሩም ለገበሬው ሁሉ ታድሏል። እኔ ዶክተሩን ከእናቴ አስበልጬ እወደው ነበር፤ ምን ያሳፍረኛል፣ ልናገረው። ሸሚዙ ነጭ፣ ኪሱ ከረሜላ ነው። በር ላይ ካገኘኝ «የኔ ፕሮፌሰር!» ብሎ ብድግ አድርጎ ይስመኛል። እሱ ሳይታጠብ የሚያቅፈኝ ማሳ ውስጥ ስለማይገባ መሆኑን ለመረዳት ሃያ ዓመት ፈጀብኝ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ወላጆቻቸው ሲሞቱ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። ማሳው ከቤታችን ወደ ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። በዚያ ዓመት ካለው መሬት ስንዝር ሳያስተርፍ አርባ ሁለትን ዘራ። «ምን ሥጋት አለብኝ?» ይል ነበር ለጎረቤት፤ «የእህቴ እጅ ያለፈበት ነው።» እናቴ በመንገዱ ባለፈች ቁጥር ከማሳው መሀል እጁን ያወዛውዝላታል፤ እሷም ታወዛውዛለች።

ዛላው ሲወጣ አካባቢ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወደ ጣቢያው ሄጄ አጥሩ ጋ ስጠብቃት ዶክተሩ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ሲቆጣት አየሁ። እናቴ በጋዜጣ የጠቀለለችው ነገር እጇ ላይ ነበር። ዘበኛው ሬዲዮኑን ከፍቶ ስለነበር የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው።

«...በዓይኔ አይቼ ነው ዶክተር። ቀለበት የለውም።»

«አንድ ሳምንት ስጪኝ።»

«ነፋስ ሳምንት አይጠብቅም።»

«እንግዶች እየመጡ ነው አልኩሽ! ላብራቶሪ ሳያረጋግጥ አንዲት ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ። ለማንም! ገባሽ?»

እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ የምወደው ሰው እናቴን አንገት ካስደፋት ያጠፋችው ነገር አለ ማለት ነው አልኩ። ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ እንደ ልማዱ እጁን አወዛወዘ። እናቴ ያን ቀን ቀና አላለችም።

ስድስት ቀን ቆይቶ ጋዋኗን በፌስታል ጠቅልላ ቤት አመጣችው። ከጣቢያው መውጣት የሌለበት ልብስ ነው፤ ግን ኪሱ ተተርትሮ እርሳሷ እየወደቀ አስቸግሯታል፣ ሌላ ጋዋን ጠይቃ ደግሞ «በጀት የለም» ተብላለች። ሰፍታ ጨርሳ፣ መልሳ ጠቅልላ፣ «እንዳትነኪው!» ብላ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ልጅን «እንዳትነኪው» ብሎ መሄድ «ነይ ንኪው» እንደማለት ነው።

ለበስኩት። እጅጌው ጉልበቴ ድረስ ወረደ። እየተንዘላዘለብኝ ወደ አጎቴ ማሳ ሮጥኩና ቆጣሪ ሆንኩ፤ በሁለት ጣቴ አገዳ እየገለበጥኩ «ዜሮ! ዜሮ! ዜሮ!» እያልኩ ጮህኩ። ፀሐዩ ሲያቃጥለኝ አወለቅኩት። እንደ ብርድ ልብስ በሁለት እጄ ይዤ አንዴ አራገፍኩት። ቀይ ዱቄት ቦነነ፤ ነፋሱ ተቀበለኝና ስንዴው ላይ አሳረፈው። አፌ ውስጥ የገባውን ስተፋ ምራቄ ቀይ ነበር። ሮጬ ተመለስኩ፣ ጠቀለልኩት፣ ከዚያ ጉድ በኋላ ማንም ሳያዘኝ ተፈትጌ ታጠብኩ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ስንዴው ቀላ። መጀመሪያ ከግርጌው ነው፤ ከዚያ በሁለት ቀን ውስጥ ማሳው በሙሉ። አጎቴ ዝም ብሎ ገብቶ ወዲያ ማዶ ወጣ፤ ሱሪው እስከ ጭኑ ቀይ ሆኗል። አንድ ዛላ ቀጥፎ መዳፉ ላይ አሸው። እፍ ሲለው ሁሉም በረረ፤ እጁ ላይ የቀረ ፍሬ የለም። ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ እንደ አጎቴ ያለ ትልቅ ሰው ዕንባ ሳያወጣ በአፉ አየር ሲፈልግ ግን ያኔ ነው ያየሁት። የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ያለው ማሳ ሁሉ እንደቀላ አላውቅም ነበር። ለእኔ ዓለም ላይ ያለው የአጎቴ ማሳ ነው፤ የበላሁትም እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን ርዕሰ መምህሩ ከክፍል አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ ዶክተሩ ተቀምጧል። ብድግ አድርጎ አልሳመኝም፤ ከረሜላውን ግን ልጦ ሰጠኝ።

«የኔ ፕሮፌሰር፣ እማማን ልንረዳት ነው። እውነቱን ከነገርሽኝ እንረዳታለን። ጋዋኗን ቤት አምጥታ ታውቃለች?»

«አንዴ» አልኩ። «ኪሱን ልትሰፋው።»

«ጎበዝ! ከዚያስ?»

ከዚያማ እኔ ነበርኩ። ምላሴ ላይ ያለውን ከረሜላ ወደ ጉንጬ ገፋሁት። «ከዚያ ምንም» አልኩ።

ወረቀት አወጣ። ላዩ ባዶ ነው፤ ከታች ጣቱን አስቀመጠ። «እዚህ ጋ ስምሽን ጻፊ። በዚያ ባማረ ጽሕፈትሽ።» ምላሴን አውጥቼ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየቀረጽኩ፣ የልጅነቴን ምርጥ ጽሕፈት ጻፍኩለት። ወደ ክፍሌ የተመለስኩት ደረቴን ነፍቼ ነው፤ እናቴን አድኛታለሁ፣ የኔንም ጉድ ደብቄያለሁ።

በሳምንቱ እናቴ ተባረረች። «በቸልተኝነት በሽታ ወደ ገበሬ ማሳ በማሰራጨት» የሚለው ደብዳቤ ግልባጩ የጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ፤ ያላነበበ አልነበረም። አጎቴ መጥቶ ደጃችን ላይ ቆመ። ግቢ አልገባም።

«እኔ ያሳደግኩሽ አንሶ?» አለ። «አፍሽን ከፍተሽ ‹አላደረግኩም ጋሼ› በይኝ እስቲ። እሱን ብቻ በይኝ።»

እናቴ ምንም አላለችም። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ ‹እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ› እያልኩ እስከ አሥር ቆጠርኩ። አሥር ሲሞላ አጎቴ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት አሥራ አንድ ዓመት ኖረ፤ አንድም ቀን አላናገራትም። በቀብሩ ላይ እናቴ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ ነበር፤ ወደ ፊት የጠራት የለም።

እናቴ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ አጣቢ ሆና ሃያ ሁለት ዓመት ሠራች። የሰው ጋዋን ስታጥብ ኖረች ማለት ነው። እኔ አድጌ ፋርማሲስት ሆንኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ እያደር ከበደ እንጂ አልቀለለም። ስንዴ ማሳ ያለበት መንገድ ስሄድ መስኮት እዘጋለሁ።

ባለፈው ዓመት ለጡረታዋ የቀድሞ አገልግሎቷ ማስረጃ ተፈለገና ወደ ጣቢያው ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ፋይሉን ከነአቧራው ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋልኝ «የሚያስፈልግሽን ኮፒ አድርጊ» አለችኝ። ወረቀቱ ከሁሉም በታች ነበር። ከታች የኔ ስም፣ ፊደሉ ሁሉ እንደተቀረጸ። ከላይ በዶክተሩ እስክሪብቶ፦ «እናቴ ጋዋኗን ዘወትር ወደ ቤት ታመጣ ነበር። በዘመዶቻችንና በጎረቤት ማሳ ዳርም ታራግፈው እንደነበር አይቻለሁ።» ደሜ ፈላ። ያላልኩት ነው። ግን ማራገፉማ እውነት ነው፣ የተሳሳተው አራጋፊዋ ላይ ነው።

ማታውን ወረቀቱን እናቴ ፊት አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። መልበሴን፣ ማራገፌን፣ ከረሜላውን፣ ከበሩ ኋላ መቁጠሬን።

«ምን አደረግሽ አልሽ?»

«አራገፍኩት። የጋሼን ስንዴ የፈጀሁት እኔ ነኝ።»

ሳቀች። እውነት ነው የምላችሁ፣ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ቆመባት።

«ያ ዱቄት የጠርሙሱ አይደለም እንዴ? አራት ዓመት በመርጫ አጠጥቼው ያልነካውን አንቺ በአንድ ማራገፍ ልታስጨርሺው? ነግሬሽ ነበር እኮ! አርባ ሁለትን የበላው ሌላ ነው፤ በነፋስ የመጣ፣ ቁልፍ ያለው። አንቺ ይህን ተሸክመሽ ነው ያደግሽው?»

«ዶክተሩ ይህን ያውቅ ነበር?»

«ያስተማረኝ ማን ሆነና!»

ተነሥታ ከታጠፉት ልብሶቿ ሥር አሮጌውን ደብተር አወጣች። እርሳሱ ደብዝዟል፤ የተሠረዘ የለም። ጣቷን አንድ መስመር ላይ አኖረች። ቀኑ ጋዋኑ ቤት ከመምጣቱ ስድስት ቀን በፊት ነው፦ «የወንድሜ ማሳ። አርባ ሁለት። አምስት። ቀለበት የለውም።» ከሥሩም «ለዶክተር ተነግሯል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ጋሼ ደጅ ቆሞ ሲለምንሽ?»

«ለእሱ አልነገርኩትማ!» አለች። «ሳምንት ስጪኝ አለኝ፤ ሰጠሁት። ሳምንቱ ሦስት ሆነ። መድኃኒት ቢረጭ ይተርፍ ነበር። በየቀኑ በዚያ መንገድ አልፋለሁ፣ ጋሼ እጁን ያወዛውዝልኛል። ‹አላደረግኩም በይኝ› ሲለኝ ምን ልበለው? አላራገፍኩም፤ ግን አውቄ ዝም ብያለሁ።» ወረቀቱን ነካችው። «ይህን ደግሞ ያኔ አሳይተውኛል። ስላላቀፍኳት ቂም ይዛብኝ ነው አልኩ።»

እንግዲህ አስቡት። ሁለታችን አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ማዕድ ላይ፣ የአንድን ሰው ጥፋት ለሁለት ተካፍለን ሃያ ሁለት ዓመት በላነው። ባለቤቱ ግን አንዲት ጉርሻ አልቀመሰም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ ዶክተሩ እኔ ባቦካሁት ዕድሜውን ሙሉ ጠገበ።

ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ጡረታ ወጥቷል፤ ሳሎኑ የዋንጫና የምስክር ወረቀት መደርደሪያ ነው። ማንነቴን ስነግረው ፊቱ በራ፤ የበለጠ ያበገነኝ እሱ ነው።

«የኔ ፕሮፌሰር!» አለና የከረሜላ ሳህን ወደ እኔ ገፋ።

ደብተሩንና ወረቀቱን አጠገብ ላጠገብ ዘረጋሁለት። የእናቴን እርሳስ ከስሜ ሥር አስቀመጥኩ። «እዚህ ጋ እውነቱን ይጻፉ» አልኩ። «ሌላ ምንም አልፈልግም። ቆጣሪዋ እንደነገረችዎት፣ የጠርሙሱ ዋግ አርባ ሁለትን እንደማይበላ ያውቁ እንደነበር።»

ረጅም ጊዜ አነበበ። ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። «ያኔ ጣቢያው ሊዘጋ ነበር ልጄ። አርባ ሰው ይበተን ነበር።»

«ስለዚህ አንዷን መረጡ። የኔንም እጅ ተዋሱ።»

«ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።»

«የፈረሰው ቤት የእርስዎ ስላልሆነ ነው!» መጮኼ የታወቀኝ ከውስጥ ሰው ብቅ ሲል ነው። «አንድ በር ያለው ስንዴ ለአገር ሁሉ አደሉ፣ በሩ ሲሰበር አዩ፣ ዝም አሉ! ከዚያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጠሩ!»

እርሳሱን በአንድ ጣቱ ወደ እኔ መለሰው። በጣም በዝግታ ነው የተናገረው፦ «ፊርማው ያንቺ ነው።»

ሳህኑን ገለበጥኩት። ይህን ያህል ነው ያደረግኩት፤ ከረሜላው ምንጣፉ ላይ ተበተነ፣ እኔም እቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ይቅር በይ የሚሉኝ አሉ። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም እኮ!

ቤት ስደርስ እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።

«ጻፈ?»

«አልጻፈም።»

«ምን አለ?»

ነገርኳት። «ፊርማው ያንቺ ነው» ያለውን ስደርስ እጇን ዘረጋችና ደብተሩን ተቀበለችኝ። መጨረሻው ገጽ ባዶ ነው። መነጽሯን አጠለቀች፣ እርሳሱን በምላጭ ቀረጸች፣ የዕለቱን ቀን ጻፈች። ከሥሩ «ዶክተር» ብላ ጎኑ ላይ ጨመረች፦ «መቶ። ቀለበት የለውም።»

ሳቅ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችኝ፤ አገዳ እንደምታገላብጠው አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ ወዲህም ወዲያም አዞረችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ በሚቀጥለው መስመር ላይ «ልጄ» ብላ ጻፈች። «ዜሮ።»

«እማ፣ ፈርሜያለሁ እኮ» አልኩ።

ሦስተኛው መስመር ላይ «እኔ» ብላ ጽፋ ቆመች። እርሳሱ ወረቀቱን ሳይነካ ብዙ ቆየ።

«አምስት» አለች፤ ጻፈችው። «ቀለበት አለው።»

«የለም!» ብዬ እጇን ያዝኩ። «ለራስሽም ዜሮ በይ። አንቺ ምን አጠፋሽ? አጥፊውና ዜሮ በይ!»

እጇን ቀስ ብላ ከእጄ አስለቀቀች።

«ቆጣሪዋ እኔ ነኝ» አለች፤ ደብተሩንም ዘጋችው።